እንግሊዝ አገር ትንሽ የገበያ ከተማ ውስጥ ቤት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የሰኞ ገበያው፦
ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው ያደግሁት። አሁን በርሚንግሃም ነኝ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ስምንት ዓመት ተከራይቼ ኖርኩ፤ ኪራዩ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም። ሰሞኑን ለድሎው የምትባል ከተማ ሥራ አገኘሁ። ሽሮፕሻየር ውስጥ ናት፣ ወደ ዌልስ ጠጋ ብላ። ሕዝቧ አሥር ሺህ ቢሆን ነው። ኮረብታ ላይ አሮጌ ግንብ አላት፣ ከግንቡ ፊት ገበያ ይቆማል፣ ከሥር ቴም የሚባል ወንዝ ያልፋል።

ቅዳሜ ሄጄ አየኋት። ገበያው ደርቷል። አይብ የሚሸጥ፣ አበባ የሚሸጥ፣ ያገለገለ ዕቃ መሬት ላይ የዘረጋ፣ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ልቤ እዚያው ቀረ። ሁለት መኝታ ያለው የድንጋይ ቤትም አገኘሁ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ 240 ሺህ ፓውንድ። ደስ ያላለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሳሎኑ አንድ ጥግ ለብቻው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ጠጋ ስል የረጠበ ጆንያ ሸተተኝ።

ጥያቄዬ፣ አበሻ በሌለበት ከተማ ይኖራል ወይ? ለመጀመሪያ ቤት ገዢ የስታምፕ ግብር፣ ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈለው፣ የለም የሚሉትስ እውነት ነው? ወለድ ውስጥም መግባት አልፈልግም። ደሴ የአባታችን ቤት አለ፣ ለአራት ወርሰነው እህቴ ትኖርበታለች። እሱ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ወሎዬው ከሊድስ፦
አብሽር ወንድሜ። የመጀመሪያ ገዢ እስከ 300 ሺህ ድረስ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። እኔም አልከፈልኩም። ግዛና ተገላገል።

የሆጤ ልጅ፦
ኧረ ቆዩ! ሰው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያንብብ እንጂ። «አይገናኝም» ያልካት ቤት ናት እኮ ዋናዋ። የእንግሊዝ ሕግ የመጀመሪያ ገዢ የሚለው በዓለም ላይ የትም ቦታ የመኖሪያ ቤት ወይም የቤት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ ሰውን ነው። በውርስ የመጣም ይቆጠራል። የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስምህ ካለ ደሴ ያለችው ሩብ ቤት ለድሎው ድረስ ትከተልሃለች።

ሒሳቡን እይ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ባለው ተመን፣ የመጀመሪያ ገዢ ብትሆን በ240 ሺህ ላይ ዜሮ ነው። ካልሆንክ የመጀመሪያው 125 ሺህ ነፃ ሆኖ በተረፈው ላይ 2 በመቶ ትከፍላለህ፣ 2,300 ፓውንድ። ሌላ ቤት አለው ተብለህ 5 በመቶ ጭማሪው ከመጣብህ ደግሞ 14,300 ይደርሳል! ግን አትደንግጥ፣ ጭማሪው የሚመጣው ያንተ ድርሻ 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ካወጣ ነው። የቤቱን ግምት አስጠይቅ፣ ለጠበቃህም ከመጀመሪያው ቀን ንገረው። ደብቆ መግዛት የሚባል ነገር እንዳታስብ።

ሌላው፣ እዚህ አገር «ተስማማን» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሻጩ እሺ ካለህ በኋላ እንኳ ውል እስክትለዋወጡ ድረስ የተሻለ ዋጋ ለሰጠው መሸጥ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል። ጠበቃ ከፍዬ፣ ቤቱን አስመርምሬ፣ መጋረጃ ሁሉ ለክቼ፣ በአሥራ አንደኛው ሳምንት «ሌላ ሰው ጨምሯል» ብለው ደወሉልኝ። የምርመራው ገንዘብ በዚያው ቀረ። ውል ስትለዋወጡ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ታስይዛለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰረው። ደላላውም እንደኛ አገር ከሁለቱም ወገን አይቀበልም፣ የሻጩ ሰው ነው። የሚነግርህን በዚያ ልክ ስማ።

ባቲ ሰኞ፦
እኔ ሊንከንሻየር ውስጥ እንደዚሁ ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ስለ ኑሮው እኔ ልንገርህ። ባቲን ሰኞ ዕለት አይተህ ታውቃለህ? አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላ ወጥቶ፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ወርዶ፣ መርገጫ ታጣለህ። ማክሰኞ ብትመጣ ግን ሌላ ከተማ ነው፣ አቧራውና ፍየሉ ብቻ። እንግሊዝም ያው ነው። ለድሎው ገበያው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። አንተ ያየሃት ቅዳሜ፣ ያውም በደህና አየር። ማክሰኞ ማታ በዝናብ ሂድና እያት።

አውቶቡስ አመሻሽ ላይ ያልቃል። ባቡር ጣቢያ አላት፣ ወደ ሽሩስበሪና ሄሪፎርድ ይወስድሃል፣ ግን የሌሊት ተረኛ ከሆንክ መኪና የግድ ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ አንድ ክረምት በእግሬ ተመላልሻለሁ፣ አትጠይቀኝ። ስለ አበሻው እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ዓመት አማርኛ ያወራሁት በስልክ ብቻ ነው። ቡና አፍልቼ አቦሉንም ቶናውንም ለብቻዬ ስጠጣ ጎረቤቴ አሮጊት ሽታው ስቧት በር አንኳኳች። አሁን እሷ ናት በረካውን ካልጠጣሁ የምትለው። ሰዉ ክፉ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀርበው።

ጎርፉንም አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለድሎው ውስጥ ድልድይ የፈረሰው በጎርፍ ነው። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የቤቱን አድራሻ ብታስገባ የጎርፍ ስጋቱን በነፃ ያሳይሃል።

ግንበኛው ከገራዶ፦
እኔ እንግሊዝን አላውቅም ልጄ፣ ድንጋይ ግን አውቃለሁ። የረጠበ ጆንያ ሸተተኝ ያልካት ነገር አላማረችኝም። ደሴ ውስጥ በጭቃና በኖራ የታነጸ የድሮ ግንብ ሲያረጅ ባለቤቱ ላሳምረው ብሎ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። የድሮ ግንብ ይተነፍሳል። የጠጣውን ውሃ ፀሐይ ሲያገኝ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ስትደፍንበት ውሃው ከውስጥ ይቀራል። አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ልስኑን በጥፍሬ ብነካው እንደ እንጀራ ቅርፊት ተገሽልጦ እጄ ላይ መጣ፣ ከኋላው ድንጋዩ ላብ በላብ። አዲስ ቀለም አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከተቀባ ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ። ከውጭ በኩል ዙርና ያን ጥግ እየው፤ አሸንዳው ይፈሳል ወይ፣ አፈሩ ከወለሉ በላይ ተከምሯል ወይ፣ ሲሚንቶ ተመርጎበታል ወይ።

የሆጤ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። የቤት ምርመራው ደረጃ አለው፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ደረጃ 3 አስደርግ፣ ይወደዳል ግን ጣሪያና ግድግዳውን በደንብ ያያል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቅ። ከሆነ መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለ ፈቃድ መነካካት ወንጀል ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
ወለዱን ማንም አልመለሰልህም። ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች አሉ። ቤቱን ባንኩ ካንተ ጋር ይገዛዋል፣ ለሱ ድርሻ ኪራይ እየከፈልክ ድርሻውን ቀስ በቀስ ትገዛዋለህ። ድሮ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ተብሎ የስታምፕ ግብሩም ሁለት ጊዜ ይከፈል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ቀርቷል። ቅድሚያ ክፍያው ግን ከተለመደው ሞርጌጅ፣ ከቤት መግዣ ብድሩ፣ ከፍ ይላል፣ ወርሃዊውም ሊወደድ ይችላል። እኛ በዚህ ነው የገዛነው። አፓርታማ ካማረህ ደግሞ አብዛኛው ሊዝ ነው፣ የቀረውን ዓመት ጠይቅ። ከ80 ከወረደ ተወው።

የሰኞ ገበያው፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ ግንበኛው እጅዎን ይባርከው። እህቴ ጋ ደወልኩ፣ «ድርሻህ ስንት ያወጣል?» ብላት «የምታፈሰዋን ጣሪያ ጨምረህ ነው?» አለችኝ። ግምቱን ታስጠይቅልኛለች። ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው፤ ያን ጥግ ከውጭ በኩል ላየው እሄዳለሁ። ዝናብም ይጥላል ብሏል።