ለረጅም ሰዓት ውድድር የተለወጠ የ1986 ፖርሽ 944 ሲሸጥ ዋጋው በምን ይተመናል?

ባለ944፦

ጤና ይስጥልኝ። በ1986 የተመረተ ፖርሽ 944 ለሽያጭ እያዘጋጀሁ ነው። ሞተሩ 2.5 ሊትር፣ ባለ 8 ቫልቭ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። መኪናው ለአማተሮች የ8፣ የ12 እና የ24 ሰዓት ውድድር ተብሎ ሙሉ በሙሉ ተለውጧል፤ ውስጡ ተራቁቶ ኬጅ (መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቱቦ ቤት) ተበይዶበታል፣ የፋብሪካው ሰርባቶዮ ወጥቶ ከረጢት ያለው የውድድር ታንክ ገብቷል፣ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣና አኩሳምፕ የሚባለው በግፊት ዘይት የሚያጠራቅም ሲሊንደር ተገጥሞለታል። ሊብሬው አለ፤ የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ትርፍ ካምቢዮ፣ 3 ሙሉ ዙር ቸርኬ፣ እንዲሁም ሲለወጥ የወጡት የፋብሪካ ወንበሮች፣ ምንጣፍና የበር ልባሶች ተቀምጠዋል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ዋጋውን ከምን ተነስቼ ላውጣ? ከመሸጡ በፊት ሞተሩን ማደስ ያዋጣል ወይስ እንዳለ ይሂድ? ትርፍ ዕቃውስ አብሮ ይሸጥ ወይስ ለየብቻ?

የፒት ሰው፦

ወንድሜ፣ ለመኪናው የወጣውን ገንዘብ ደምረህ ዋጋ አታውጣ፤ ያንን የሚከፍል ገዢ የለም። ኬጅ የተበየደበት፣ ምንጣፉና ልባሱ የወጣለት 944 ለአሮጌ መኪና ሰብሳቢም ዋጋው ወርዷል፤ ኬጁን ቆርጠህ ብታወጣው እንኳ የብየዳው ጠባሳ ወለሉ ላይ ይቀራል። ያንተ ገዢ በሚቀጥለው ወር መወዳደር የሚፈልግ ቡድን ነው። እሱ የሚገዛው ቀሪ ሰዓት ነው፦ በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በፍሪሲዮኑ፣ በመንኮራኩር ኩሽኔቱ ላይ ስንት የውድድር ሰዓት እንደቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው የሰዓት ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ዕቃ ጻፍ፤ ከጎኑ የተገጠመበትን ቀንና ከዚያ ወዲህ የሠራውን የውድድር ሰዓት። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁለቱ ቺንጋዎች፣ የውሃ ፖምፓ፣ የመንኮራኩር ኩሽኔቶች፣ የፊት አርሞች፣ የፍሬን ዲስክ፣ የጎማ ብሎኖች። በዚህ መኪና ፍሪሲዮኑ የተለየ ክብደት አለው፤ ካምቢዮው ከኋላ ከዲፍረንሻሉ ጋር ስለሆነ ፍሪሲዮን ለመለወጥ ማርሚታውን አውርደህ፣ ካምቢዮውን አውጥተህ፣ መካከል ላይ ያለውን ረጅም ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ አለብህ። አዲስ ፍሪሲዮን ያለው 944 ለገዢው ብዙ የሥራ ሰዓት ያተርፍለታል። ካለህ በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይውጣ።

ለዋጋው ሁለት ልኮች ያዝ። ታችኛው ልክ መኪናው ተፈታቶ ዕቃ በዕቃ ቢሸጥ የሚያወጣው ነው፤ ከዚያ በታች የሚጠይቅህን አትስማ። ላይኛው ልክ ተመሳሳይ ዝግጁ መኪኖች በእውነት የተሸጡበት ነው። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ምኞት ስለሆነ አትከተለው። በሁለቱ መካከል የት እንደምትቆም የሚወስነው ሠንጠረዡ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሻጭ ይረሳዋል። እንዲህ ያለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ሾፌሮች መዋጮ ይገዛል። አንዱ መጥቶ ያያል፣ ሌሎቹ የሚወስኑት በተላከላቸው ፋይል ነው። ቁመት ይጠይቃሉ፤ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚንሸራተት፣ ከሄልሜት ጋር ጭንቅላት ከኬጁ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተህ ጻፍ። ረጅሙ ሾፌር የማይገባበት መኪና ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምር አይሸጥም።

ኬጅ በያዥ፦

በላይኛው እስማማለሁ፤ ግን ከሞተሩ በፊት ገዢ የሚያየው ቀን የተጻፈባቸውን ዕቃዎች ነው። ቀኑ ያለፈ ዕቃ ያለው መኪና ከፍተሻ አያልፍም። እያንዳንዱን መለያ በቅርበት ፎቶ አንሳ።

የኤፍአይኤ (የዓለም የመኪና ስፖርት ማኅበር) 8853-2016 ደረጃ ቀበቶ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ነው። የ8855-1999 ወንበርም አምስት ዓመት፤ የ8862-2009 ወንበር ግን አሥር ዓመት ነው። ኤፍቲ3 የሚባለው ደረጃ ያለው የታንክ ከረጢት ከተመረተበት ቀን አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ አምራቹ መርምሮ ካጸደቀው እስከ ሁለት ዓመት ሊራዘም ይችላል። የእሳት ማጥፊያው በሁለት ዓመት አንዴ ሰርቪስ ይደረጋል። እነዚህ የኤፍአይኤ ልኮች ናቸው፤ አንዳንድ የአማተር ውድድሮች ከዚህ ያላሉ፣ ስለዚህ መኪናው የተወዳደረበትን ውድድር ደንብ አብረህ ጥቀስ።

የታንኩን ክዳን ከፍተህ ውስጡን ተመልከት። አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲቆይበት በውስጡ ያለው ስፖንጅ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው የፖምፓውን ማጥሪያ ይደፍንና መኪናው ሙሉ ታንክ ይዞ ነዳጅ እንዳለቀበት ይንተፋተፋል። ስፖንጁን በጣት ስትጫነው ካልተመለሰ ወይም ከተፈረፈረብህ አውጥተህ ለውጠው። ርካሽ ሥራ ነው፣ ፈተና ላይ ግን ሽያጩን ያበላሻል።

ኬጁን በተመለከተ የቱቦውን ውጫዊ ዲያሜትርና የግድግዳ ውፍረት ጻፍ። በኤፍአይኤ ደንብ ዋናው ቅስት 45 በ2.5 ወይም 50 በ2.0 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌሎቹ ቱቦዎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2.0። ውፍረቱን በአልትራሳውንድ መለኪያ ማሳየት ትችላለህ፤ አንዳንድ ደንቦች ደግሞ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ቀዳዳ ቱቦው ላይ ይጠይቃሉ። የብየዳ ፎቶ ከፊት ለፊት ብቻ አይበቃም። ብየዳው ቱቦውን ዙሪያውን መጨረሱ የሚታየው ከጣሪያ በኩል ነው፤ ሰነፍ በያዥ የሚዘለውም እዚያ ነው። በመስታወት ወይም በትንሽ ካሜራ አንሳው።

የዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ነገርም ሞተሩ እየሠራ በቪዲዮ አሳይ። ባትሪውን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ስለሚሰጠው ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። የዲናሞውን መስመርና የኢግኒሽኑን የሚቆርጥ ባለ ብዙ እግር ማጥፊያ ነው የሚያስፈልገው።

ቀበቶው ጊዜው ካለፈ ለውጠው፤ ያለ እሱ ገዢ ትራክ ላይ ሊሞክረው አይችልም። ወንበሩን ግን አትለውጥ፤ ከዋጋው ቀንስ። ወንበር በሾፌሩ ሰውነት ልክ ስለሚመረጥ ያንተ ምርጫ ለእሱ ላይሆን ይችላል።

ቢየላ ቁጥር 2፦

ስሜን ያየ ወዴት እንደምሄድ ያውቃል። 944 የሚያውቅ ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው የሁለተኛው ሲሊንደር የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ነው። በረጅም ኩርባ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ሳህን) ጎን ይሸሻል፣ መምጠጫው አየር ይስባል፣ አየር የተቀላቀለበት ዘይት ብሮንዚናው ላይ የሚፈጥረው ፊልም ይሰበራል፤ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ቁጥር 2 ነው። አኩሳምፕ መግጠምህ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም መገጠሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው ከዘይቱ ይገኛል። ሞተሩን አሙቀህ ዘይቱን አፍስስ። ናሙናውን ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም አትውሰድ፣ ከመሃል ፍሰቱ ያዝና ወደ ላቦራቶሪ ላክ። መዳብ፣ እርሳስና ቆርቆሮ አብረው ከፍ ካሉ ብሮንዚናው እየተበላ ነው። ብረት ከፒስተን ቀለበት፣ ሲሊከን ከአየር ማጥሪያ ካመለጠ አቧራ ይመጣል። ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ከታየ የራዲያተር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ወዲያው ቴስታታውን (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ራስ) አትጠርጥር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሞተሩ ጎን ላይ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ቤት ጎሚኒ (ማተሚያ ጎማ) ነው።

የዘይት ማጥሪያውን ክፈተው፣ ግን በመጋዝ አይደለም፤ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበትና ንጹሑን ሞተር ያስጠረጥራል። ለማጥሪያ የተሠራ መቁረጫ አለ። ወረቀቱን ዘርግተህ ማግኔት አሳልፍበት። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ሞተሩን «የሚሠራ» ብለህ አትሽጥ።

ቀጥሎ የአየር ማምለጥ ፈተና። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ የአየር መግቢያው ክፍት ይሁን። ፒስተኑን በመጨመቂያው ምት ጫፍ ላይ አቁመህ 7 ባር ገደማ አየር ስጠው። ከ10 በመቶ በታች ቢያመልጥ ደህና ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ሥራ ይፈልጋል። ጆሮህን ተጠቀም፦ በአየር መግቢያው ከተነፈሰ የመግቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታው ከሆነ የመውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ቀለበት፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከወጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ለአራቱም የተገኘውን ቁጥር ከቀኑ ጋር ጻፍ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከራቀ ገዢው የሚያየው እሱን ነው።

ቺንጋዎቹን አትርሳ። በዚህ ሞተር የካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተን ላይ ይወርዳሉ። የባላንስ ዘንጎቹ (ንዝረት የሚቀንሱት) ቺንጋ ሲበጠስም ዋናውን ይዞት ሊሄድ ይችላል። የተለወጡበት ሰዓት በማስረጃ ካልታወቀ ሁለቱንም ከነመወጠሪያዎቹና ከውሃ ፖምፓው ጋር ለውጥ። ከመሸጥ በፊት ገንዘብ ይውጣበት የምለው ይህ ብቻ ነው።

ባለ944፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቺንጋዎቹን እለውጣለሁ። የቀረኝ ይህ ነው፦ ኮፓው ሞተሩ ሳይወጣ ስለሚወርድ የቢየላ ብሮንዚናዎቹን አድሼ «አዲስ ብሮንዚና» ብዬ ብሸጠውስ?

ቢየላ ቁጥር 2፦

ከሞተሩ ሥር ያለውን መስቀለኛ ብረት አውርደህ ከሥር መለወጥ ይቻላል። ከለወጥክ አሮጌዎቹን በቁጥራቸው ከረጢት ውስጥ አድርገህ ለገዢው ስጥ፤ የኮሎውን ገጽታም ፎቶ አንሳ። በብሮንዚናውና በኮሎው መካከል ያለውን ክፍተት በፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ በስፋቱ ክፍተት የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) ለክተህ ካልጻፍክ ግን «አዲስ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። አዲስ የቢየላ ዳዶ ተጠቀም።

የፒት ሰው፦

እኔ አልስማማም። የዘይቱ ውጤት ንጹሕ ከሆነ አትንካው። ከተከፈተ በኋላ አንድም የውድድር ሰዓት ያልሠራ ሞተር ለገዢ ጥርጣሬ ነው፤ የተሻለ የሚያምነው ሰዓቱ የታወቀ፣ ዘይቱ ንጹሕ፣ ሞቆ ግፊቱን የሚይዝ ሞተር ነው። ቀዝቃዛና ሙቅ የዘይት ግፊቱን፣ በአይድል (ነዳጅ ሳይረገጥ) እና በ5,000 ዙር፣ ጌጁ እየታየ ቅረጽ። ውጤቱ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ብሮንዚና ብቻ መለወጥ የተቧጨረ ኮሎ መደበቅ ነው፤ እንደ ሞተር የሌለው መኪና ተምነህ ሽጠው።

ስለ ትርፍ ዕቃው፦ ሌሊት ላይ መኪናውን ወደ ትራክ የሚመልሰው ሁሉ አብሮ ይሂድ። ካምቢዮው፣ ቸርኬዎቹ፣ ትርፍ የፊት አርሞች፣ የኮሎ ዙር ሴንሰሮች፣ የዲኤምኢ ሪሌይ (ለሞተሩ ኮምፒዩተርና ለነዳጅ ፖምፓው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማብሪያ)። የሪሌዩ ብየዳ በሙቀት እየተሰነጠቀ ሞተሩን ድንገት ያጠፋዋል፤ ሁለት ትርፍ አስቀምጥለት። የፊት አርሞቹ አሉሚኒየም ስለሆኑና መኪናው ዝቅ ሲል የኳስ መገጣጠሚያው ከአቅሙ በላይ ስለሚታጠፍ ሊሰበር ይችላል፤ በሰዓት የሚለወጥ ዕቃ መሆኑን ንገረው። የቸርኬዎቹን ኦፍሴት (የመግጠሚያው ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለውን ርቀት) ጻፍ፤ ከ1987 ወዲህ ያለው የተለየ ስለሆነ ገዢው ካላወቀ የማይገጥም ቸርኬ ይገዛል። የፋብሪካው ወንበር፣ ምንጣፍና የበር ልባስ ግን ለወዳዳሪ ሸክም ነው፤ መኪናቸውን ወደ መጀመሪያው መልክ ለሚመልሱ ሰዎች ለይተህ ሽጥ። ብዙ ጊዜ ከምትገምተው በላይ ያወጣል።

ኬጅ በያዥ፦

ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ «እንዳለ የተሸጠ» የሚለው ቃል፣ ለመንገድ እንደማይውል፣ የሰዓት ሠንጠረዡና የትርፍ ዕቃው ዝርዝር በአባሪነት ይግቡ። የውድድሩ የፍተሻ ደብተርም አብሮ ይተላለፍ፤ ያለ እሱ ኬጁን እንደገና ማስመርመር ሊኖርበት ይችላል። ገዢ ትራክ ላይ እሞክራለሁ ካለ ከመነሳቱ በፊት ሞተር ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ የዙሩ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ዘይቱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ እንደሚጀምር ጽፋችሁ ፈርሙ። ሲጫን ታንኩ ባዶ፣ ዋናው ማጥፊያ የወረደ፣ የአኩሳምፑ ቫልቭ የተዘጋ ይሁን።