የሰርግ እንግዶችን ከወንበራቸው እንዴት እናስነሳ?

ጥያቄ፦ የሙሽሪት እህት

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ ልታገባ ነው፤ ምሽቱን የማስተባብረው እኔ ነኝ። 180 ያህል እንግዳ እንጠብቃለን። ግማሹ በዕድሜ ገፋ ያለ ነው፣ ግማሹ ጓደኛና የሥራ ባልደረባ። ሁለቱ ቤተሰቦች ገና በደንብ አይተዋወቁም።

የሚያስጨንቀኝ ጭፈራው ነው። በቅርቡ የታደምኩበት ሰርግ ላይ ሙዚቃው አሪፍ ነበር፤ ሰው ግን ስልኩን ሲነካካ አመሸ። መሀል ላይ ሙሽሮቹና ሁለት ሚዜዎች ብቻ። ዲጄው «እጅ ወደ ላይ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ማን ሰምቶት።

የእኛ አዳራሽ ሰፊ ነው። መጨፈሪያው ከጠረጴዛዎቹ ራቅ ብሎ መድረኩ ሥር ነው። ከዲጄው ጋር ገና ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ምን ልበለው? «ጥሩ ሙዚቃ ይኑር» ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱንማ አውቃለሁ።

መልስ፦ ዲጄ ነኝ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። «ራቅ ብሎ» ያልሽው ነገር ነው ዋናው ጣጣ። ሰው ባዶ ወለል አቋርጦ ሄዶ አይጨፍርም። የአዳራሹ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ጠረጴዛዎቹን አስጠጓቸው። የመጀመሪያው ረድፍ ከመጨፈሪያው ጫፍ ከሁለት ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ሲል እዚያው ጭፈራው ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ደግሞ መጨፈሪያውን አታስፉት። ብዙ ሰው ሰፊ ይሻላል ይላል፤ እኔ አልስማማም። ለአንድ ጨፋሪ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ከ180 እንግዳ አንድ ሦስተኛው በአንዴ ቢነሳ ትልቅ ነገር ነው፤ 60 ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አምስት በስድስት ሜትር በቂያችሁ ነው። 20 ሰው 100 ካሬ ላይ ሲጨፍር ድግሱ የቀዘቀዘ ይመስላል። ያው 20 ሰው 25 ካሬ ላይ ከሆነ አዳራሹ ደርቷል። የተረፈውን ቦታ ሰው ቆሞ በሚጠጣበት ረጃጅም ጠረጴዛ ሙሉት። እዚያ የቆመ ሰው ግማሹን መንገድ መጥቷል፤ እሱን ማስገባት ቀላል ነው።

ለዲጄው መቶ ዘፈን ጽፈሽ አትስጪው። የግድ መሰማት ያለባቸውን አስር፣ በፍጹም የማትፈልጓቸውን አምስት ስጪው፤ ሌላውን ለእሱ ተዪለት። ሥራው የሰዉን ፊት ማንበብ ነው፤ ዓይኑን ወረቀት ላይ ከተከለ ማን ያነባል? ዘመዱ ከየት እንደሆነና የዕድሜውን ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪው። በእራት ሰዓት ደግሞ ምርጥ ምርጡን እንዳያቃጥለው አደራ በይው። ሲጀምር ሁሉም የሚያውቀውን መካከለኛ ፍጥነት ያለው ዘፈን ያስቀድም። ሰዉ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ወዳለው ይግባ። ከዜሮ ተነስቶ ፈጣን ዘፈን የሚለቅ ዲጄ ሰውን ያስደነግጣል።

መልስ፦ መድረክ መሪ

ዲጄው ያለው ልክ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ዘሎታል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

አሟሟቂ ቀድመሽ አዘጋጂ። ስምንት አስር ሰው ይበቃል። የሙሽሪት ጓደኞች ብቻ እንዳይሆኑ፤ ያኔ የእነሱ ቡድን ይጨፍራል፣ ሌላው ተመልካች ይሆናል። ከሁለቱም ቤተሰብ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከትልልቆቹም አንድ ሁለት ተጫዋች ሰው ምረጪ። በተለያየ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ያለውን አንድ ሰው ይዘው ይነሱ። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ሲነሳ ማን ጀመረ፣ ማን ተከተለ የሚባል ነገር የለም።

የሙሽሮቹን ዘፈን አሳጥሩት። ሰው አራት ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ሲያይ ተመልካችነቱን ይለምደዋል። አንድ ደቂቃ እንደሞላ ወላጆች ይጠሩ፤ ወዲያው ሚዜዎች፤ ከዚያ አሟሟቂዎቹ። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ይግባ።

ሌላ የምወዳት ዘዴ አለች። «የጋራ ፎቶ እንነሳ» ብለሽ ሰዉን ሁሉ መጨፈሪያው ላይ ሰብስቢው። ፎቶ አንሺው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ያንሳ። «አለቀ» ሲል በዚያችው ቅጽበት ሙዚቃው ይለቀቅ። እንግዳው ቀድሞውኑ ወለሉ ላይ ነው። ወደ ወንበሩ መመለስ ነው የሚከብደው። ዲጄውና ፎቶ አንሺው በዓይን መተያየት እንዲችሉ አድርጊ። አስር ሰከንድ ዝምታ ከገባ ሰዉ ይበተናል።

ማይክ ይዞ መለመን ግን ይቅር። «ምነው ዛሬ ደከማችሁ?» የሚል መድረክ መሪ የተቀመጠውን ሰው ይወቅሰዋል። የተወቀሰ ሰው አይጨፍርም።

ንግግር ካለ፣ ኬክ መቁረስ ካለ፣ ስጦታ ካለ ከጭፈራው በፊት ይለቅ። የጋለ ጭፈራ አቋርጦ ንግግር ማስገባት እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ሙሽሮቹም ከወለሉ አይጥፉ! እንግዳ የሚከተለው እነሱን ነው። ለፎቶ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ከቆዩ ተመልሰው የሚያገኙት ባዶ ወለል ነው።

መልስ፦ የድምፅ ሠራተኛ

እኔ የምፈራው ስፒከሩን ነው። ብዙ ቦታ ስፒከሩ የሚተከለው ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞሮ ነው። ትልልቆቹ ጆሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ማውራት አይችሉም፣ ቀድመው ይወጣሉ። የእነሱ መውጣት ደግሞ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። ስፒከሮቹ ወደ መጨፈሪያው ይዙሩ፤ አዛውንቶቹን ደግሞ ከስፒከሩ ኋላ ወይም ከአዳራሹ ጥግ አስቀምጧቸው።

የድምፁን ልክ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። እሱም ጣሪያው ነው እንጂ ግባችሁ አይደለም። በስልክ የሚለካ አፕ አለ፤ ፍጹም ባይሆንም ፍንጭ ይሰጣል። ያለ አፕም ይታወቃል፦ ጠረጴዛ ላይ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመግባባት የምትጮኺ ከሆነ ለጠረጴዛ በዝቷል።

ቀነስ ሲደረግ ግን ባሱ አብሮ እንዳይሞት። በዚያው ዓመት ጥናታቸውን ያወጡ በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኮንሰርት ላይ ጆሮ የማይለየው እጅግ ዝቅተኛ ባስ የሚያወጡ ስፒከሮችን እያበሩና እያጠፉ የታዳሚውን እንቅስቃሴ ለክተው ነበር። ሲበራ ሰዉ ወደ 12 በመቶ ገደማ አብልጦ ተወዛወዘ። ስለዚህ ኪራዩ ውስጥ ሰብ የሚባለው የባስ ስፒከር መኖሩን ጠይቂ። ትንንሽ ስፒከር በጣም ማስጮህ ጆሮ ይቆርጣል እንጂ እግር አያነሳም።

መልስ፦ የአራት ልጆች እናት

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳምርላችሁ። እኔ ከሚጠሩት ትልልቆች ወገን ነኝና ልናገር። እኛ መጨፈር ስለማንወድ አይደለም የምንቀመጠው። የእኛ ዘመን ዘፈን የሚመጣው እኛ ከሄድን በኋላ ስለሆነ ነው። ከእራት በኋላ መጀመሪያ የእኛን ይልቀቁልን፤ ተነስተን እናሳያችኋለን። ወጣቱም እናትና አባቱ ሲጨፍሩ እያየ አይቀመጥም። ከዚያ እኛ ስንደክም ወለሉን ለእናንተ እንለቃለን።

ጉልበት የሚያመው ሰው አለና ከወለሉ ዳር ጥቂት ወንበሮች ይኑሩ። ተቀምጦ የሚያጨበጭብም ተጫውቷል። እባካችሁ ሰውን እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ። አንዴ መጋበዝ ክብር ነው፤ አልፈልግም ካለ ተዉት።

ጠያቂዋ፦

እናቴ፣ ይሄን ለዲጄው እንዳለ ነው የማነብለት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አዳራሹ መብራቱ ቦግ ያለ ነጭ ነው፤ ችግር አለው? ሌላው፣ ደርቶ ሳለ ወለሉ ድንገት ባዶ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሰርግ ፎቶ አንሺ

አለው እንጂ! በዚያ ብርሃን ማንም አይጨፍርም፤ ሐኪም ቤት ያለ ይመስለዋል። የጣሪያውን በከፊል ማጥፋት ይቻል እንደሆነ የአዳራሹን ሰው አሁኑኑ ጠይቂ፤ አንዳንድ ቦታ ማብሪያው አንድ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ለስለስ ያለ ቢጫ ብርሃን ይኑር፣ መጨፈሪያው ደብዘዝ ይበል። ድቅድቅ ጨለማ ግን አይሁን፤ ትልልቆቹ ይደናቀፋሉ። የቪዲዮ ቀራጮችሽንም አነጋግሪ። ካሜራ ላይ የተሰካ ኃይለኛ መብራት ፊቱ ላይ የበራበት ዓይን አፋር ሰው ወዲያው ነው የሚቀመጠው።

መልስ፦ ዲጄ ነኝ

ወለሉ ባዶ ቢሆን አትደንግጡ። ሰው ውሃ ሊጠጣ ይወጣል። የሚበላሸው ዲጄው ደንግጦ በየደቂቃው ስልት ሲቀያይር ነው። አንድ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን፣ ቀጥሎ በዚያው ስልት ሌላ አንድ፤ አሟሟቂዎችሽ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ይነሱ። መጠጡም ከመጨፈሪያው አጠገብ ይሁን። ሌላ ክፍል ከሆነ የወጣው አይመለስም።

አዳራሹ የሚዘጋበትን ሰዓት ከወዲሁ አሳውቂኝ የሚል ዲጄ ካገኘሽ ያዢው። ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ምርጥ ዘፈኖችን የሚያቆይ እሱ ነው።