ጎቲክ ገና በዲሲ አካባቢ፦ ምን ከየት ልግዛ ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ቤቴን ለገና በጎቲክ ስልት፣ ማለትም እንደ ድሮዎቹ የአውሮፓ ካቴድራሎች ሹል ጫፍ፣ ጥላና የሻማ ብርሃን በሚበዛበት መልክ ማሳመር እፈልጋለሁ፤ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ ዕቃው የት ይገኛል?» ብላ ጠይቃ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ስሠራው ቆይቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ጥቁር። በመጀመሪያው ዓመት ጠረጴዛውንም፣ መጋረጃውንም፣ ዛፉንም ጥቁር አደረግኩት። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆማ «ማን ሞተ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ጥቁር የሐዘን ነው፤ በጌታ ልደት ቀን እንግዳን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ከዚያ በኋላ ዊስኮንሲን ጎዳና ላይ ወዳለው ናሽናል ካቴድራል ሄድኩ። በ1907 ተጀምሮ በ1990 የተጠናቀቀ፣ በጎቲክ ስልት የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፀሐይዋ በባለ ቀለም መስታወቶቹ ስትገባ ግራጫው ድንጋይ ቀይና ሰማያዊ ይለብሳል። ጥቁር ጨርቅ ግን አንድም አላየሁም። ጨለማው የድንጋዩ ጥላ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ብርሃኑ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለብርሃንና ለብረት አውሉት። ጨርቁ የወይን ጠጅ ቀለም፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ያረጀ ወርቅ የሚመስል ይሁን፤ ጥቁር መቅረዙ ላይ ከታየ ይበቃል።

የግዢው ጊዜ ከሱቁ ይበልጣል። የእኛ ገና ጃንዩወሪ 7 መዋሉ እዚህ አገር ትልቅ ጥቅም አለው። ጥቁር ሻማ፣ የብረት መቅረዝና ዳንቴል ሃሎዊን ባለፈ ማግስት፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ዋጋቸው ይወርዳል። ሪባኑ፣ ኳሱና መብራቱ ደግሞ ዲሴምበር 26 ጠዋት ይረክሳል፤ ለእኛ በዓል ገና 12 ቀን ይቀረዋል። የእጅ ሥራና የማስጌጫ ዕቃ የሚሸጡትን ማይክልስና ሆቢ ሎቢን ሳነጻጽር፣ ለአርቲፊሻል አበባና ለቅጠል ማይክልስን እመርጣለሁ። ሆቢ ሎቢ የሚሻለው ለጨርቅ ነው፤ ግን እሑድ ዝግ ነውና ከቅዳሴ በኋላ እንዳትነዱ። ጨርቅ ሻጩ ጆአን በ2025 ሁሉንም ሱቆቹን ስለዘጋ ከፋይ በያርድ ማግኘት ከብዷል። እኔ የማደርገው ዉድብሪጅ ወይም ኮሌጅ ፓርክ ካለው አይኪያ የከፋይ መጋረጃ ገዝቼ መቁረጥ ነው፤ ከአንዱ ጥንድ የጠረጴዛ ልብስም፣ ለዛፉ እግር መሸፈኛም ወጥቶልኛል።

መቅረዝ አዲስ አትግዙ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ጉድዊል ገብታችሁ የቤት ዕቃ መደርደሪያውን ፈትሹ፤ እኔ አንዱን ከ3 እስከ 6 ዶላር ነው የገዛሁት። ቁመታቸው የተለያየ ሲሆን ነው የሚያምረው፤ አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ስታቆሟቸው የካቴድራል ጫፎች ይመስላሉ። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው፤ የማያብረቀርቅ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም ቀቡት። ካልያዘውና ሲወለወል ቢጫ ከወጣው ነሐስ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን እንዳለ ተዉት፣ የምንፈልገው ያረጀ ወርቅ እሱ ነው። የምትቀቡት ውጭ አየር ላይ ይሁን፤ ሻማው የሚሰካበትን ውስጡን በቴፕ ሸፍኑት፣ ቀለም ነበልባል አጠገብ መሆን የለበትም።

ለትልልቅ ነገር፣ ማለትም ጫፉ የሾለ መስኮት፣ የብረት አጥር ቁራጭ ወይም አሮጌ መስታወት ለምትፈልጉ፣ ሜሪላንድ ኤድመንስተን ያለው ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት ዘንድ ሂዱ። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ መጋዘን ነው። የሃቢታት ሪስቶርም ተመሳሳይ ነው፤ ግን እዚያ ያገኘሁት አብዛኛው የወጥ ቤት ቁም ሳጥንና በር ነበር። ኤድመንስተን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ቢሆንም ሳሎኔ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መስታወት ከዚያ የመጣ ነው።

ኢንተርኔት ላይ በፎቶ ብቻ አይታችሁ ጥቁር የበር ጉንጉን አትግዙ። አንድ ጊዜ 60 ዶላር ከፍዬ የመጣልኝ ቀጭን ፕላስቲክ ነበር፤ ቀለሙ ነጩን በሬን አበላሸው። አሁን ራሴ እሠራለሁ፦ የወይን ሐረግ ቀለበት ከማይክልስ፣ ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ከትሬደር ጆስ። ጽጌረዳውን ጨለማና ደረቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ስቀሉት። ቀዩ ሲደርቅ ጠቁሮ ወደ ጥቁርነት ይጠጋል፤ ማንም ፋብሪካ ያንን ቀለም አይሠራውም።

ሆም ዲፖ ለሃሎዊን የሚሸጠውን ባለ 12 ጫማ የፕላስቲክ አጽም የገና ኮፍያ አልብሼ ላቁመው ወይ ላላችሁኝ፦ በ2020 ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር፤ እኔ ግን በነጻም አላቆመውም። ያ ሃሎዊን እንጂ ጎቲክ አይደለም፤ በልደት ቀን ደጄ ላይ አጽም አልፈልግም።

ሻማ። ዲሴምበር በዚህ አገር በሻማ ምክንያት የቤት ቃጠሎ ከሁሉ ወር የሚበዛበት ነው። ከሚቀጣጠል ነገር ቢያንስ 12 ኢንች ይራቅ፤ ከመጋረጃና ከዛፍ አጠገብ ደግሞ የባትሪ ሻማ ብቻ። ካርቶኑ ላይ ከ2,200 እስከ 2,700 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሳሎኑን ሆስፒታል ያስመስለዋል።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ውስጥ ያለው ጥቁር የሸክላ ማጨሻ፣ ዕጣኑና ከርቤው ለዚህ ስልት የተሠሩ ይመስላሉ። ሰብአ ሰገል ያመጡት ስጦታ እኮ ነው! በፈረንጅ ሱቅ የሚሸጠው «የዕጣን ሽታ ያለው ሻማ» ከእውነተኛው ጋር አይወዳደርም። ማጨሻውን ከመቅረዞቹ መሃል አስቀምጡት፤ ከሰል ስታነዱ ግን መስኮት ክፈቱ።

ዛፉን በተመለከተ ጥቁሩን አርቲፊሻል ሰጥቼ እውነተኛ ፍሬዘር ፈር መግዛት ጀምሬያለሁ። ከታንክስጊቪንግ ማግስት የተገዛ እስከ ጃንዩወሪ 7 ደርቆ ይረግፋል፤ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ግዙና ውኃውን በየቀኑ እዩ። እህቴ፣ የምትኖሪው አፓርታማ ከሆነ መጀመሪያ ውልሽን እዪ፤ ብዙዎቹ እውነተኛ ዛፍም፣ የሚነድ ሻማም ይከለክላሉ።

እኔም ጥያቄ አለኝ፦ ከፋይ የሚሰፋ፣ ጠርዙን ሳያጨማድድ የሚያጥፍ ልብስ ሰፊ አርሊንግተን አካባቢ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ዘንድሮ የመስኮቱን መጋረጃ እስከ ወለል ማስረዘም እፈልጋለሁ።