ያገለገለ የመኪና ወንበር በቤት በሚሠራ አውሮፕላን ላይ ይገጠማል?

ጥያቄ፦ ገጣጣሚው (ዴንቨር)

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት በጋራዤ ውስጥ ዜኒት ሲኤች 750 የሚባለውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እየገጣጠምኩ ነው። ክንፎቹ አልቀዋል፤ ባለ100 ፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ 912 ሞተርም ቦታው ላይ ተቀምጧል። አሁን ወንበሩ ላይ ደርሻለሁ። በንድፉ ላይ ያለው መቀመጫ በላሜራ ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ ነው። እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል፤ ለሙከራ ስቀመጥበት አንድ ሰዓት እንኳን አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ አሮጌ መኪኖች ተፈታተው ከሚሸጡበት ግቢ ሁለት የጋቢና ወንበሮች በ80 ዶላር ገዛሁ። ንጹሕ ናቸው፤ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ፣ ጀርባቸውም ይጋደማል። ስመዝናቸው እያንዳንዳቸው 17 ኪሎ ሆኑ። ሀዲዳቸውን በቀጥታ ወለሉ ላይ በብሎን ባስረው ምን ችግር ያመጣል? ከአንደኛው ሥር ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ቆርጬ ልጣለው?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ሽቦውን አትቁረጠው! ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ምልክት ነው። በወንበሩ ጎን ውስጥ የሚፈነዳ ነገር አለ ማለት ነው። በመለኪያ መሣሪያም አትፈትሸው፤ ከመለኪያው የምትወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ልታፈነዳው ትችላለች። ወደ አንድ ጋራዥ ውሰደውና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፍታልህ። የቀበቶውን ማቀፊያም እግረ መንገድህን አስፈትሽ፤ በብዙ መኪኖች በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚስበው መሣሪያ እዚያ ነው ያለው፤ እርሱም በባሩድ ነው የሚሠራው።

መልስ፦ የአርቪ ባለቤት (ዳላስ)

እኔም አርቪ የሚባለውን አውሮፕላን በቤቴ መገጣጠም ስጀምር እንዳንተው አስቤ ነበር፤ ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሚዛን ነው። የንድፉ መቀመጫ ከነስፖንጁ 4 ኪሎ ቢሆን፣ በሁለቱ ወንበሮች 26 ኪሎ ትጨምራለህ። አንድ ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን 0.72 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይህ 36 ሊትር ነዳጅ ማለት ነው። ያንተ ሞተር በሰዓት 18 ሊትር ያህል ቢጠጣ፣ ሁለት ሰዓት የምትበርበትን ነዳጅ ለወንበር ብረት ሰጠኸው። የአውሮፕላንህ ጠቅላላ ክብደት ደግሞ የተገደበ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ በሐምሌ ሙቀት አየሩ ሲሳሳ እያንዳንዷ ኪሎ በመንደርደሪያው ላይ ታስታውቅሃለች።

ሌላም ነገር አለ። ወንበሩን አስቀምጠህ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደራስህ ሳበው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም አጋድመው። የመኪና ወንበር ጎኑ ስለሚያብጥ ክንድህን ወይም ዘንጉን ሊያግደው ይችላል። ለማረፍ ስትል ዘንጉ ወንበር ላይ ቢያርፍ ምን ልታደርግ ነው?

መልስ፦ ጡረተኛው የአውሮፕላን መካኒክ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ወገብህን እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔን ከክብደቱም በላይ ያሳሰበኝ ሀዲዱ ነው።

በሴስና አውሮፕላኖች ላይ የደረሰውን ልንገርህ። የወንበሩ መቆለፊያ ፒን የሚገባበት ቀዳዳ እያደር ይሰፋል። አብራሪው ለመነሣት ነዳጁን ሰጥቶ አፍንጫው ቀና ሲል፣ ወንበሩ ከነሰውየው ወደኋላ ይንሸራተታል። ሰውየው እንዳይሄድ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ በእጁ ያለው መሪው ነው፤ መሪውን ሲስብ አፍንጫው ይበልጥ ይቀናል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ አውሮፕላኑ ይወድቃል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚህ ምክንያት በ1987 የግዴታ ፍተሻ አዘዘ፤ በ2011ም አደሰው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ የሆነው ለአውሮፕላን ተብሎ በተሠራ ሀዲድ ነው። አንተ የገዛኸው ሀዲድ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ መኪናውም ተጋጭቶ እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ የሚንሸራተት ወንበር አትግጠም። ለራስህ ቁመት ለክተህ በቋሚነት እሰረው፤ ፔዳሉ ከራቀህ ከጀርባህ ትራስ ጨምር።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። የመኪናው ቀበቶ ማቀፊያ የታሰረው በወንበሩ ላይ መሆኑን ልብ በል። ለትንንሽ አውሮፕላኖች ሲሠራበት የቆየው መለኪያ በአደጋ ጊዜ ወደፊት የስበትን 9 እጥፍ መቋቋም ነው። በቤት ለሚሠራ ግዴታ ባይሆንም ሰውነትህ ልዩነቱን አያውቅም። አንተ 80 ኪሎ፣ ወንበሩ 17 ብንል፣ 97 በ9 ሲባዛ 873 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚጎትተው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ላሜራ ነው። ብሎኑ አይበጠስም፤ ላሜራው ነው በሮንዴላው ዙሪያ እንደ ወረቀት የሚቀደደው። ስለዚህ ቀበቶውን ከወንበሩ ለይተህ ንድፉ ባዘዘው ቦታ፣ በአውሮፕላኑ አጥንት ላይ እሰር። የወገቡ ቀበቶ ከአግድም መስመር ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ይሁን። የትከሻው ከትከሻህ ወደኋላ በአግድም ወይም እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይሂድ፤ ከትከሻህ ወርዶ ከታሰረ በግጭት ጊዜ አከርካሪህን ወደታች ይጨፈልቀዋል።

መልስ፦ ባለ አራት መቀመጫው (ሲያትል)

እኔ በከፊል አልስማማም። ቤርሆክ በሚባለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላኔ ላይ የመኪና ወንበር ገጥሜ ስድስት ዓመት በርሬበታለሁ። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከአንድ ቶን በላይ ይዞ የሚነሣ፣ አካሉም ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ እግሮቹን በቀጥታ በቱቦው ላይ አሰርኳቸው። ሀዲዱን ግን እኔም ጥዬዋለሁ። ለአንተ አውሮፕላን አልመክረውም።

መልስ፦ ወንበር አልባሿ (ላስ ቬጋስ)

የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት እንጀራዬ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ አብራሪ ነው። ወገብህን የሚረዳው የወንበሩ ቅርጽ ነው፤ ብረቱን ተወው። በሞላና በለስላሳ ስፖንጅ ግን አትታለል። አውሮፕላኑ በሆዱ ሲወድቅ ወለሉ ቀድሞ ይቆማል፤ አንተ ግን ስፖንጁን እየጨፈለቅህ ገና ትወርዳለህ፣ መጨረሻ ላይ ላሜራውን በኃይል ትመታዋለህ። በለስላሳው ስፖንጅ ምክንያት አከርካሪህ የበለጠ ይጎዳል።

ኮንፎር የሚባለውን ስፖንጅ ግዛ። በአውራ ጣትህ ብትጫነው ጉድጓዱ ወዲያው አይሞላም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። በብርድ ግን እንደ እንጨት ስለሚደርቅ ለዴንቨር ክረምት ለስለስ ያለውን ዓይነት ምረጥ፤ ከተቀመጥክበት በኋላ በሰውነትህ ሙቀት ይላላል።

ጨርቁንም አትጠቀምበት። የአሜሪካ የመኪና ደንብ ጨርቁ በደቂቃ እስከ 102 ሚሊሜትር እንዲቃጠል ይፈቅዳል፤ የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች ጨርቅ ግን እሳቱ ሲነሣለት ራሱ መጥፋት አለበት። ቁራጩን ደጅ ላይ በሽቦ አንጠልጥለህ ከታች ለ12 ሰከንድ ክብሪት ያዝበት። እየነደደ ከቀጠለና የቀለጠው ከተንጠባጠበ፣ ያ ነገር ጭንህ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጣለው።

ጠያቂው ከሦስት ሳምንት በኋላ

ጋሼም፣ እኅቴም፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ኤርባጉን ባለሙያ ፈታው። የመኪናውን ጨርቅ ሞከርኩት፤ በአምስት ሰከንድ ተያያዘና ጥቁር ጠብታው ሲሚንቶው ላይ እየነደደ ወደቀ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከወንበሩ የተጠቀምኩት ቅርጹን ብቻ ነው። የወገቡንና የጭኑን ጉብታ በካርቶን ለክቼ፣ በንድፉ መቀመጫ ላይ ኮንፎሩን በዚያው ልክ ቆርጬ አጣበቅሁት። አሁን እያንዳንዱ ከነልብሱ 4.8 ኪሎ ነው። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ይመጣል፣ ምንም አይነካም። ትናንት ማታ ጋራዡ ውስጥ መብራቱን አጥፍቼ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩበት፤ ስነሣ ወገቤን አልያዝኩም።