ፊደሉን ለይታለች፣ ሳድስ የበዛበት ቃል ግን አልገጥም አላት

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነን። የ6 ዓመት ልጃችንን ቤት ውስጥ ንባብ ስናስተምር አንድ ቦታ ላይ ቆመናል፤ እባካችሁ መላ በሉን።

231ዱንም ፊደል ለይታለች። በቃል ብቻ ሸምድዳው እንዳይሆን በአቡጊዳ (የፊደሉ ቅደም ተከተል በተለወጠበት ገበታ) አስቆጥረናታል፣ ካርዱንም ደባልቀን አሳይተናታል፤ አትስትም። «ዶሮ»፣ «ቡና»፣ «ጎጆ» ወዲያው ታነባለች። «ቤት»ና «በግ»ም የመጀመሪያውን ፊደል አስረዝማ ሳድሱን (ስድስተኛውን የፊደል ቅርጽ፣ እዚህ «ት»ንና «ግ»ን) ቶሎ እንድትዘጋው ስናደርግ ተሳክቶላታል።

ሳድስ ሲደራረብ ነው ጭንቁ። «ልብስ» ላይ አናባቢ የሚሰማው ከ«ል» ጋር ብቻ ነው፤ «ብ» እና «ስ» ተዘግተው ይነበባሉ። ጽሑፉ ግን ይህን አይለይም። እሷም እንደ ፊደል ቆጠራው ሦስቱንም እኩል እየጎተተች «ል… ብ… ስ…» ትላለች፤ ቃሉ አይሰማትም። «ብርድ»ና «ክንድ»ም እንዲሁ። (ማጥበቅና ማላላቱን ገና አልነካነውም።)

አናባቢ በሌለው ሳድስ ሥር በእርሳስ ነጥብ አደረግን። ነጥቡ ሲኖር ታነባለች፣ ሲጠፋ ወደ መጎተቱ ትመለሳለች። ሥዕል ስንጨምር ደግሞ ፊደሉን ትታ ከሥዕሉ ትገምታለች፤ ይሄኛው ጭራሽ የሚጎዳ ስለመሰለን ተውነው።

የኔታ ዘንድ በግእዝና በውርድ ንባብ (በቤተ ክህነት ትምህርት የንባብ ደረጃዎች) ያለፋችሁ፣ አንደኛ ክፍልም የምታስተምሩ፦ ነጥቡን በምን ቅደም ተከተል እናንሣው? ከመጨረሻው ፊደል ጀምረን? ወይስ «ልብስ»ን ለጊዜው አቆይተን «ወንበር»ና «መስኮት»ን በጭብጨባ እየከፈልን፣ «ወን-በር»፣ «መስ-ኮት» እያልን ብናስቀድም ይሻላል?