የቡና ገንዘብ በገባበት ቤት ሕፃን ለምን ይቀነጭራል?

ጥያቄ፦ የአጋሮው መምህር

ጅማ ከተማ ውስጥ የ11ኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። ቤተሰቦቼ አጋሮ አካባቢ ቡና አላቸው። ባለፈው ዓመት ቡናው ጥሩ ዋጋ በማውጣቱ ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ሞተር ብስክሌትም ገዛ። በቅርቡ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጁን ቁመት ለክታ «ቀንጭራለች» አለችው። ጎተራው በቆሎ አላጣም፤ ልጅቷም ተርባ አታውቅም።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርነስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የቤተሰብ ገቢ ሲያድግ ከገቢው ለምግብ የሚውለው ድርሻ ይቀንሳል። ድርሻው ቢቀንስም የሚወጣው ብር ግን ይጨምራል፤ ሰውም ከእህል አልፎ ወተትና እንቁላል መግዛት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ይህንን በየዓመቱ አስተምራለሁ። በወንድሜ ቤት ለምን አልሠራም?

መልስ፦ ቡና ነጋዴ

መምህር፣ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፤ የቡና ገንዘብ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እሸቱም (ቀይ የተለቀመው) ጀንፈሉም (ከነገለባው የደረቀው) የሚሸጠው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ዘመን ብር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ኪሳራ ስለሆነ ገበሬው ወዲያው ቆርቆሮ ይገዛበታል። አይፈረድበትም። ክረምት ሲገባ ኪሱ ባዶ ይሆናል፤ ለመጪው ቡና ቀብድ ከእኛ የሚወስድም አለ። በነሐሴ ደግሞ ቆርቆሮው ወተት አይሆንም።

መልስ፦ ሲስተር፣ ከጅማ

ነጋዴው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ በቡና አካባቢ እናቶችን ስመክር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ሌላኛው ግማሽ ነው።

መምህር፣ በወንድምዎ ቤት እንቁላሉን ማን ይሸጠዋል? የቡናው ገንዘብ የባል ነው። እንቁላሉና ቅቤው የሚስት ሲሆን፣ ጨው፣ ሳሙና እና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከእርሱ ነው። እናትየው አንድ እንቁላል ለልጇ ስትቀቅል ከራሷ መቀነት ጨው እየቀነሰች ነው። አንዱን ሲመርጡ የሚተዉት ነገር ዋጋ እንዳለው ለተማሪዎችዎ ያስተምራሉ፤ እዚህ ቤት ያንን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ «እንቁላል አብዪ» እያልን ብቻ መምከሩ ያሳዝነኛል። ባልየው ቡናውን እንደሸጠ የዓመቱን ጨውና ሳሙና አብሮ ቢገዛ እንቁላሉ ከገበያ ይቀራል። ይህ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእናት ጊዜ ማጣት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እናት ለቀማ ላይ ትውላለች። ሕፃኗን የምትይዘው ታላቅ እህቷ ናት። ጠዋት የተሠራው የበቆሎ ሙቅ ቀጥኖ፣ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም ሳይከደን እስከ ከሰዓት ይቆያል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውኃ ከሞላ ለሌላ ቦታ የለውም። ያልተከደነው ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል፤ የተበላውም ሳይጠቅም ይወጣል። በቆሎ ብቻውን ለዕድገት የሚያስፈልጉትን ላይሲን እና ትሪፕቶፋን የተባሉ የፕሮቲን ክፍሎች በበቂ መጠን የለውም። ስለዚህ ልጅቷ ሳትራብ ትቀነጭራለች።

የሕፃን ክንድ ዙሪያ የሚለካበት ባለቀለሙ ጥብጣብ ማንንም አያታልል። 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው፤ ወላጅ ያንን አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። መለኪያው ግን የሚያሳየው መክሳትን ነው፤ መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ጎተራቸው ሙሉ የሆነ ቤቶች ልጆችም አሉ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የአጋሮው መምህር

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንቁላሉን ነገር ከወንድሜ ጋር በግልጽ እነጋገራለሁ፤ ይሰማኛል። የልጅቷን ገንፎ ግን ከየት እንጀምር? ባቄላ አላቸው፤ ጓሮው ጎመንና አቮካዶ አያጣም። እንዲያውም አቮካዶው ለገበያ ይጫናል። ጠዋት የሚሰጧት ሻይ በዳቦ ነው።

ሲስተር፣ ከጅማ

ሻዩን ዛሬውኑ ያስቁሙ፤ ከምግብ የምታገኘውን ብረት እንዳይዋሃዳት ያደርጋል። ሦስት እጅ በቆሎ ላይ አንድ እጅ ባቄላ ተቆልቶና ተከክቶ አብሮ ይፈጭ። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ ጎመኑ ደቆ ይግባበት፣ ቅቤ ጠብ ይበልበት። አቮካዶ በማንኪያ ተደፍጥጦ በምሳና በእራት መካከል ይሰጣት። እናቷም ጡት አታስጥላት። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መብላት ስላለባት፣ በለቀማ ወቅት አያትየው ቢይዟትና ምግቡ በምትበላበት ሰዓት ሁሉ ቢሞቅላት ይሻላል። ለለቃሚ የሚከፈለው ካላስጨነቃቸው፣ እናቷ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ትመለስ ብለው ለወንድምዎ ይንገሩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ስለተደረሰባት ገና ጊዜ አላት፤ በየወሩ ጤና ኬላ እየወሰዷት ቁመቷ ይለካ።

ቡና ነጋዴ

ቀብድ ለመውሰድ የሚመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ዘንድሮ ከምከፍላቸው ላይ የጨውና የሳሙናውን ለይቼ በሚስቶቻቸው እጅ ልሰጥ እችላለሁ፤ መምህር፣ ወንድምዎ ከተስማሙ ከእርሳቸው ቤት እንጀምር።