በ200 ሜትር ድብልቅ ዋና ደረት ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል

ሰላም ዋናተኞች። የምለማመደው 200 ሜትር የግል ድብልቅ ነው፤ ማለትም ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነጻ የተባሉትን አራት የዋና ዓይነቶች በዚህ ቅደም ተከተል 50፣ 50 ሜትር አከታትሎ መዋኘት። ገንዳው 25 ሜትር ነው፤ አሠልጣኝ የለኝም።

ሰዓቴ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አካባቢ ነው። ቢራቢሮ 38 ሰከንድ፣ ጀርባ 46፣ ደረት 58፣ ነጻ ዋና 43። ችግሬ ደረቱ ነው። ሳይደክመኝ ለብቻው ስዋኘው 50 ሜትሩን በ49 እጨርሳለሁ። ድብልቁ ውስጥ ሲገባ ግን 9 ሰከንድ ይበላኛል። ሌሎቹ ላይ ይህን ያህል ልዩነት የለም።

ከጀርባ ዞሬ ግድግዳውን ስገፋ ጭኔ ድንጋይ ይሆናል። ውሃ ውስጥ የምስበው ረጅሙ ስበት ያጥራል፤ ትንፋሽ ፍለጋ ቶሎ ብቅ እላለሁ። ከዚያ በኋላ እግሬ ውሃውን አይዝም። ጉልበቴ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ከምቱ በኋላ የነበረው መንሸራተትም ይጠፋል። በእጄ ብቻ እየጎተትኩ ነው የምጨርሰው።

የደረት ልምምድ ጨምሬ አየሁ። ለብቻው ፈጠነ እንጂ ድብልቁ ላይ ለውጥ የለም። ቢራቢሮውን ቀዝቀዝ አድርጌም ሞከርኩ፤ እዚያ ያጣሁት ሰከንድ ደረቱ ላይ አልተመለሰም። ጀርባ ላይ የእግር ምት ስቀንስ ደግሞ ዳሌዬ ሰጠመ፣ ይባስ ደከመኝ። የሚገርመው፣ ጀርባና ደረትን ብቻ አያይዤ ስሠራ ደህና ነኝ። ቢራቢሮ ከፊት ሲቀድም ነው ሁሉም የሚበላሸው።

ድብልቅ የምትዋኙ ወይም የምታሠለጥኑ፣ ከቢራቢሮና ከጀርባ በኋላ ለደረት ምት የሚሆን ጉልበት እግሬ ላይ እንዲተርፍ ምን ዓይነት ልምምድ ልሥራ?